የልብስ ሰፊው ቀኝ እግር

ሲግናል ሰፈር ውስጥ ማንም ሳያባርረው የሮጠ የመጀመሪያው ሰው ሳልህ ነው። ከእሱ በፊት የሚሮጥ ሰው ካየን ወይ አውቶቡስ አምልጦታል፣ ወይ በሬ አምልጦታል፣ ወይ ደግሞ ጊዜው የደርግ ነውና ስሙ ከማይጠራ ነገር እያመለጠ ነው። ሳልህ ግን ምንም አላመለጠውም፤ ከምንም አላመለጠም። ሱብሒውን ይሰግድና ሰዓት እላፊው ሲያበቃ የቻይና ሸራ ጫማውን አጥልቆ ሽቅብ ወደ እንጦጦ ይፈተለካል። ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ጭቃ ለብሶ፣ እንደ ፈላ ጀበና እየጨሰ ይመለሳል። ይኸው ነው። ያመጣው ነገር የለ፣ የወሰደው ነገር የለ።

ሥራው ልብስ ስፌት ነው። ሱቁ ከመኖሪያ ቤቱ ፊት፣ ከአስፋልቱ ዳር ናት። ደንበኛ የሚያየው ከባንኮኒው በላይ ያለውን ሳልህን ብቻ ነው፤ አንገቱ ላይ ሜትር አንጠልጥሎ፣ ከንፈሩ ላይ መርፌ ነክሶ። ዕድሜው ወደ አርባ እየተጠጋ፣ ቦርጭም እያበቀለ ነበር ሩጫ የጀመረው።

እኔ የሺመቤት እባላለሁ፤ የሰፈሩ ወጌሻ ነኝ። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፤ ፊደልም ቢሆን የቆጠርኩት ፀጉሬ ከነጣ በኋላ፣ በቀበሌው መሠረተ ትምህርት፣ የልጅ ልጄን የምታህል አስተማሪ ፊት ተቀምጬ ነው። አጥንት ግን ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ አውቃለሁ። እናቴ የተሰበረ የዶሮ ክንፍ በጨርቅ ጠቅልላ ትሰጠኝና፣ ጨርቁን ሳልፈታ የተሰበረበትን ቦታ በጣቴ እንዳገኝ ታደርገኝ ነበር። ካላገኘሁት ያን ቀን ወጥ የለም። ወጥ ቀርቶብኝ አያውቅም።

ሳልህን መጀመሪያ እንደ ሌላው ሰው ስቄበታለሁ፤ ምን ይደበቃል። ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል ይባላል፤ ሥራ የሞላው ልብስ ሰፊ ምን ሆኖ ነው ጭቃ የሚያቦካ? በሬ ላይ ቆሜ እጠብቀውና፣

«አንተ ሳልህ! ማን ነው የሚያባርርህ?» እለዋለሁ።

«ቦርጬ ነው እማማ የሺ! ሊደርስብኝ ነው!» ይለኛል፣ ሳይቆም።

ሚስቱ መብሩካም ትስቅበታለች። «ሰው ለዳቦ ሰልፍ ይሮጣል፤ የኔ ባል ለባሕር ዛፍ ይሮጣል» ትላለች፣ የመጀመሪያ ልጇን ያረገዘችበትን ሆድ በሁለት እጇ ደግፋ። የአብዮት ጥበቃዎቹ ግን አልሳቁም። በመጀመሪያው ወር ሁለት ጊዜ አስቁመውታል።

«ለምን ትሮጣለህ?»

«ለጤናዬ።»

«ጤነኛ ሰው ይሮጣል?»

በመጨረሻ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ፀሐዬ ወረቀት ጻፈለት፤ «ጓድ ሳልህ ለጤናው ሲል የሚሮጥ መሆኑ ታውቆ ትብብር እንዲደረግለት» ይላል፣ ክብ ማኅተም ያለበት። ሳልህ ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልሎ ካልሲው ውስጥ ይይዘዋል። በማኅተም የሚሮጥ ሰው ያየሁት እሱን ብቻ ነው።

ደንበኛዬ የሆነው ቀስ በቀስ ነው። አንድ ቀን ተረከዙ ውሃ ቋጥሮ መጣ፤ በጨው ውሃ ዘፍዝፌ አደረቅኩለት። ሌላ ቀን የአውራ ጣቱ ጥፍር ጠቁሮ መጣ፤ መርፌ በእሳት አግዬ የታሰረውን ደም አወጣሁለት። የጭኑ ሥጋ ሲሸማቀቅ፣ ጉልበቱ ሲንቋቋ፣ ባቱ እንደ ድንጋይ ሲጠነክርበት ወደኔ ነው። ሌላው ሰው ወጌሻ ደጅ የሚመጣው ወድቆ ነው፤ ሳልህ ግን መውደቁ ሳይደርስበት ይመጣል። ይህን ወደድኩለት። በዚያ ላይ መንገዱን አውቀዋለሁ። ወጌሻነቱ እንጀራ ሳይሆነኝ በፊት ሠላሳ ዓመት ከእንጦጦ እንጨት ያወረድኩ ሴት ነኝ። ከየካ ሚካኤል በላይ የትኛው ድንጋይ እንደሚከዳ፣ የትኛው ሥር እንደሚጠልፍ እነግረዋለሁ። እሱም ዛሬ እስከየት እንደወጣ፣ የትኛው ዳገት ላይ እንዳለከለከ ይነግረኛል። እሑድ እሑድ በጋራው አናት በኩል እስከ እንጦጦ ራጉኤል ይደርሳል።

«ምን ታገኝበታለህ ግን?» አልኩት አንድ ቀን፣ ባቱን እያሸሁ።

«እማማ፣ ቀኑን ሙሉ የሰው ልክ ስለካ ነው የምውለው። የዚህ ትከሻ፣ የዚያ ወገብ። እዚያ ላይ ስወጣ ማንንም አልለካም» አለኝ።

«ተው እቴ፣ ላብህን አድርቅ» አልኩት። ግን ገብቶኛል።

እንግዲህ ነገሩ የመጣው በስድሳ ስድስት የፈነዳው አብዮት አሥረኛ ዓመቱን ሊደፍን ሲል፣ በሰባ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ ነሐሴ በገባ በሦስተኛው ቀን ነው። ዝናቡ ሌሊቱን ሲወርድ አድሮ የባሕር ዛፉ ቅጠል መሬቱ ላይ እንደ ሳሙና ተነጥፏል። ሁለት ሰዓት ላይ ግቢዬ ሲንኳኳ ብከፍት፣ የደን ጠባቂው ሰቦቃ ሳልህን እንደ ሕፃን አዝሎታል። ይህ ሰቦቃ ድሮ እንጨት ስለቅም እያባረረ መጥረቢያዬን የነጠቀኝ ሰውዬ ነው።

«የሺ፣ ድሮ አንቺን ነበር የማባርረው» አለኝ እያለከለከ። «ዛሬ ደግሞ ሰው አዝዬ አመጣሁልሽ። ተቀበይኝ፣ ወገቤ ተቆረጠ!»

«ያ መጥረቢያዬስ?»

«እሱ ዛገ።»

ሳልህ ቁልቁለት ሲወርድ ቀኝ እግሩ ታጥፎበት ነው። ጫማውን አወለቅኩ፤ ከቁርጭምጭሚቱ አራት ጣት ከፍ ብሎ አብጧል። ዳሰስኩት። ዙሪያውን ጫንኩት። አጥንቱን ከላይ እስከ ታች በአውራ ጣቴ ሄድኩበት። ስብራት በጣት ሲገኝ ይታወቃል፤ ሰውዬው ሳይጮህ ጣትሽ ይነግርሻል። ጣቴ ምንም አላለኝም።

«አጥንትህ ደህና ነው። ጅማትህ ነው የተቆጣው» አልኩት። ፍልሰታ ስለነበረ ቅቤ አልነካሁም፤ በኑግ ዘይት አሸሁትና በንጹሕ ጨርቅ ጠፈርኩት። «ሁለት ሳምንት ሩጫ የለም። ፍልሰታ ሲፈታ ትሮጣለህ።»

«እኔ ፍልሰታ አልጾምም፣ እማማ።»

«እግርህ ይጾማል።»

በዚያው ሳምንት ጓድ ፀሐዬ ሁለት ጣቃ ካኪ አሸክሞ ሱቁ ገባ። ለመስከረም ሁለት ሰልፍ፣ ለሴቶች ማኅበሩ ሃምሳ የደንብ ልብስ። ቀኑ አይተላለፍም፤ በዚያ ጊዜ የቀበሌ ሥራ ያሳለፈ ሰው አሻጥረኛ ይባል እንደነበር የሚያውቅ ያውቀዋል። ሳልህ አልከፋውም። «ካልሮጥኩ እሰፋለሁ» ብሎ ከንጋት እስከ ምሽት የስፌት መኪናው ላይ ተተከለ። በደጁ ሳልፍ አየዋለሁ፤ ከባንኮኒው በላይ አጎንብሶ፣ ካኪው በፊቱ ተከምሮ።

«ጎበዝ! እንዲህ ቁጭ በል!» አልኩት። «ቁጭ ያለ ሰው እግር ያርፋል!»

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። በገዛ አፌ፣ መንገድ ላይ፣ ሰው እየሰማኝ።

በሳምንቱ ጨርቁን ስፈታ እብጠቱ መቀነሱ ቀርቶ ጨምሯል። ቆዳው ቀልቷል፣ ይፋጃል። ገረመኝ። ጅማቱ አልታዘዝ ብሎ ነው ብዬ ጠበቅ አድርጌ አሸሁት። ሳልህ የሚጮህ ሰው አይደለም፤ ያን ቀን ጮኸ። በሦስተኛው ቀን መጣ፤ ደግሜ፣ ይበልጥ አጥብቄ አሸሁት። እልህ ያዘኝ። ሌላ ወጌሻ ቢያደርገው እጁን የምመታውን ነገር እኔ አደረግኩት።

ፍልሰታ ሲፈታ ሰው ሁሉ ፍስኩን ይዟል፤ ሳልህ ግን መሮጡ ቀርቶ መራመድ አቃተው። ለሶላት ሲቀመጥ ቀኝ እግሩን ማጠፍ ስላልቻለ ወንበር ላይ ሆኖ ሰገደ። ይህን ያየች መብሩካ ሻሿን በቅጡ ሳታስር፣ ሆዷን አስቀድማ ግቢዬ ገባች።

«እማማ የሺ፣ ባለቤቴን ምን አደረጉት?»

«አሸሁት።»

«አሸሁት! ሰበሩት እንጂ! በሰቦቃ ጀርባ ሲመጣ ያልተሰበረውን እግር በእጅዎ ሰበሩት!»

«አንቺ ልጅ፣ ቀስ ብለሽ ተናገሪ።»

«ቀስ ማለት የነበረብሽ አንቺ ነሽ!» አለችኝ። አንቺ። በዚህ ዕድሜዬ፣ በገዛ ግቢዬ። «እኔ ልወልድ ሁለት ወር ቀርቶኛል። አንካሳ አባት ነው ለልጄ የሰጠሽው? ትላንት ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? ጫማዬን ለሰው ስጪልኝ አለኝ። የሩጫ ጫማውን!»

ብላኝ ሄደች። አጥሩ ዳር የቆመው ሰው ሁሉ ሰምቷል። በማግሥቱ ጎረቤቴ ወርቄ ክንዱ የወለቀበት ልጇን አቅፋ፣ ደጄን አልፋ ወደ ሌላ ወጌሻ ሄደች። ስታልፍ ሰላም አለችኝ። ባትለኝ ይሻል ነበር።

ለመብሩካ መልስ ነበረኝ፤ አፌ ለማንም ሰንፎ አያውቅም። የጨነቀኝ ግን የእናቴ ቃል ነው። እናቴ ስትሞት የነገረችኝ አንድ ሕግ ነው፤ የሰው አጥንት የሰበረ እጅ ሁለተኛ ሰው አይነካም። መጀመሪያ ቀን ጣቴ ደህና ነው ብሎኝ ነበር። ጣቴ ካረጀስ? ስንጥቅ ኖሮበት ሳይታወቀኝ፣ በላዩ እንደዚያ ተጭኜ ለሁለት ገምሼው ቢሆንስ? እግዜር ያውቃል፣ ሁለት ቀን እህል አልበላሁም። እጄን ደጋግሜ አየዋለሁ፤ የሌላ ሰው እጅ ይመስለኛል።

በሦስተኛው ቀን ቀትር ላይ ተነሣሁ። ሄጄ፣ ጥፋተኛ ከሆንኩ ፊቱ ቆሜ ልሰማው ነው። ዝናቡ አስፋልቱን ወንዝ አድርጎት በሱቁ ፊት መግባት አይቻልም፤ በጓሮ በኩል፣ በማጀታቸው ዞሬ ገባሁ። በዚያ በር ገብቼ አላውቅም። ሳልህ ጀርባውን ሰጥቶኝ ይሰፋል። መኪናዋ ትንጫጫለች። ዓይኔ ወረደ።

ቀኝ እግሩ፣ ጫማ የሌለው፣ በኔው ጨርቅ የተጠፈረው እግር፣ የመኪናዋን መርገጫ ይመታል። ተረከዝ፣ ጣት፣ ተረከዝ፣ ጣት። ሳያቋርጥ። ቁርጭምጭሚቱ እንደ በር ማጠፊያ ይከፈታል፣ ይዘጋል።

«አንተ!» አልኩ።

ዘለለ። «ኧረ እማማ! አስደነገጡኝ!»

«ምንድን ነው የምታደርገው?»

«እሰፋለሁ።»

«እግርህን ነው የምልህ!»

ጎንበስ ብሎ እግሩን አየው። በአሥራ ሰባት ዓመት የስፌት ዕድሜው ያን እግር ያን ቀን ገና ያየው ይመስላል። «ይሄማ… መኪናዋ ነች እኮ። እሷ ካልተረገጠች አትሰፋም።»

«በቀን ስንት ጊዜ ትረግጣታለህ?»

«ማን ይቆጥራል? አንድ እጅጌ ለመግጠም መቶ፣ መቶ ሃምሳ… በአንድ ኮት ሁለት እጅጌ፣ ጎኑ፣ ኮሌታው፣ ከዚያ ሱሪው…» እያለ በጣቱ መቁጠር ጀመረ። ፊቱ ሲገረጣ አየሁት። «እማማ፣ እንጦጦ ወጥቼ ስወርድ እንኳ እግሬ ይህን ያህል አይታጠፍም።»

«በግራህ ብትረግጥስ?»

«ግራዬ መኪና አያውቅም።»

በርጩማ ላይ ቁጭ አልኩ። እኔ እንጨት ተሸካሚ ነኝ፤ ሥራ ማለት ለኔ ቆሞ፣ ጎብጦ፣ ዳገት ወጥቶ የሚሠራ ነው። የተቀመጠ ሰው ሁሉ ያረፈ ይመስለኝ ነበር። ልብስ ሰፊ፣ ጸሐፊ፣ ዳኛ፣ ሁሉም ያረፉ። ሩጫ ከልክዬው፣ እግሩን በባሰ ሩጫ ላይ ቁጭ አድርጌው ኖሯል። ቀን ቀን በመኪና ያቆሰለውን እኔ ደግሞ በእጄ አቆሰልኩት።

«ሳልህ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩት። ይህን ቃል ባሌ ሳይሰማው ነው የሞተው።

«ኧረ እማማ፣ እኔስ ምን ነካኝ? የራሴን እግር!»

«አሁን ተነሥ። ራጅ ትነሣለህ።»

ከማጀት ትሰማን የነበረችው መብሩካ ብቅ አለች። ሐኪም ቤት እንዲሄድ ሦስት ቀን ስትጨቀጭቅ፣ እሱ እማማ የሺ ይከፋቸዋል እያለ እምቢ ብሏት ነበር። አሁን እኔው ሂድ ስለው ሁለታችንንም እያፈራረቀች አየች።

ሦስታችንም በአውቶቡስ ሄድን። ሆስፒታሉ አግዳሚ ላይ፣ ሳልህ ራጅ ክፍል ገብቶ፣ እኔና መብሩካ ጎን ለጎን ተቀመጥን። እሷ ከዘምቢሏ የተጠበሰ እሸት በቆሎ አወጣች። ትንሽ ቆይታ ለሁለት ሰበረችና፣ ፊቷን ሳታዞር ግማሹን አቀበለችኝ። ተቀበልኩ። ጥርሴ ባይችለውም ይዤው ተቀመጥኩ።

ሐኪሙ ለጋ ልጅ ነው። ፊልሙን መስኮቱ ላይ ለጥፎ ሲያሳየን ተጠግቼ አየሁ። ስልሳ ዓመት በጣቴ ብቻ የማውቀውን ነገር ነው በዓይኔ ያየሁት። ነጭ፣ ቀጥ ያለ፣ ንጹሕ አጥንት፤ ከሱ ጎን ደግሞ ወንድሙ፣ ያ ቀጭኑ። ቁርጭምጭሚቱ ላይ ልክ እኔ እንደማውቀው ተገጣጥመው ቁጭ ብለዋል። ስንጥቅ ፈለግሁ። ከላይ እስከ ታች ፈለግሁ።

«አጥንቱ ሰላም ነው» አለ ሐኪሙ። «አልተሰበረም፣ አልተሰነጠቀም። ጅማቱ ነው ክፉኛ የተቆጣው።»

«አልሐምዱሊላህ!» አለች መብሩካ።

«ተመስገን!» አልኩ እኔ፣ እኩል። ድምፃችን ተጋጨና ተያየን።

«ማነው ግን እንዲህ አጥብቆ ያሸው?» አለ ሐኪሙ።

«እኔ ነኝ።»

«እናቴ፣ የተቆጣ ጅማት እንዲህ አይታሽም።»

«አውቃለሁ፣ ልጄ። ያጠፋሁት እያወቅሁ ነው።»

ወደ ወረቀቱ ዞረ። «ሦስት ሳምንት እረፍት» ብሎ መጻፍ ሲጀምር እጁን ያዝኩት።

«እረፍት ብቻ ብለህ አትጻፍ። እረፍት እኔም ብዬው ነበር። የስፌት መኪና አትርገጥ ብለህ ጻፍለት፤ በጉልህ።»

ሐኪሙ ሳልህን አየው። «ልብስ ሰፊ ነህ እንዴ? ለምን አልነገርከኝም?»

«ስሮጥ ወደቅኩ አልኩ እንጂ… ማን ጠየቀኝ?»

ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ መብሩካ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። «እማማ፣ ያን ዕለት አንቺ ብዬዎታለሁ። አፉ ይበሉኝ።»

«ለአንድ ቀን ልጅ አደረግሽኝ፤ ምን ይከፋኛል?» አልኳት። ከፍቶኝ ነበር፤ ግን ያን ቀን ልቤን የሚከብደው ነገር አልነበረም። ሁለት እጄን ጭኔ ላይ ዘርግቼ መጣሁ። የራሴ እጆች ናቸው።

ነገር ግን ካኪው አለ። ከሃምሳው ገና ሃያ ሦስቱ ነው ያለቀው፤ ጳጉሜ እየመጣ ነው፣ መስከረም ሁለት አይገፋም። መብሩካ መኪናዋን ትርገጥ እንዳይባል ሆዷ አያስጠጋትም። ሰው እንቅጠር ቢሉ በዚያ ሰሞን የከተማው ልብስ ሰፊ ሁሉ የየቀበሌውን ካኪ ይዟል። ሳልህ «በግራዬ እሞክራለሁ» ሲል፣

«ወግድ!» አልኩት። «ከእንጦጦ ሠላሳ ዓመት እንጨት ያወረደ እግር እዚህ ቆሞ፣ ግራህን ታቆስልልኛለህ?»

ከመኪናዋ ማዶ፣ ከሱ ፊት ለፊት በርጩማ አስቀምጠን ተቀመጥኩ። እሱ በእጁ ጨርቁን ይመራል፣ እኔ በእግሬ እረግጣለሁ። አንድ፣ ሁለት አልኩና ረገጥኩ፤ ክሩ ጧ ብሎ ተበጠሰ።

«ወደ ኋላ ነው ያዞሯት፣ እማማ!»

«የዚች ነገር ፊቷ የቱ ነው?»

«መጀመሪያ እኔ ጎማዋን በእጄ ላስነሣት፤ እርስዎ ከዚያ ይከተሏት።»

እስከ ምሳ ሰዓት አራት ጊዜ ክር በጠስኩ፣ አንድ መርፌ ሰበርኩ፣ አንዱን ኪስ ከእጅጌው ጋር ሰፋን። ከሰዓት በኋላ ግን ገባኝ። ዳገት እንደመውጣት ነው፤ የሚጥለው መቸኮሉ ነው። ሳልህ ያዝዘኛል፤ «ይሂዱ… ይሂዱ… ማዞሪያ ነው፣ ቀስ… ፍሬን! ፍሬን እማማ!» እንደ ከባድ መኪና ሾፌር ነዳኋት። ከባንኮኒው ወዲያ ሰው ተሰብስቦ ያያል፣ ይስቃል። ይሳቅ። በሦስተኛው ቀን ጓድ ፀሐዬ ራሱ መጣ።

«ይህ ምንድን ነው?» አለ።

«የሴቶች ማኅበር ተሳትፎ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር» አልኩት፣ እግሬን ሳላቆም።

ይህን የሚቃወም መመሪያ አልነበረውም። ሄደ።

ማታ ማታ ባቴ እንደ እንጨት ይደርቅ ነበር። መብሩካ ጎንበስ ማለት ስለማትችል አልጋ ላይ አስተኝታ፣ እኔ እንዳሳየኋት በኑግ ዘይት ታሸኛለች። «ለስለስ አድርጊ! ባልሽን ያደረግኩትን አታድርጊኝ» ስላት ትስቃለች። አረፋ ጳጉሜ አንድ ላይ ዋለና አንድ ቀን አረፍን፤ ሥጋቸው ለኔ ስለማይሆን ዳቦ በማር ላኩልኝ። ጳጉሜ አራት ሃምሳኛው ሱሪ ተተኮሰ። የሰልፉ ቀን የሴቶች ማኅበሩ በዚያ ካኪ ሲያልፍ ስፌቱን ብቻ ነበር የማየው። የሱሪው ጎን ትንሽ ጠመም ያለበት ካለ የኔ እግር ነው።

ሦስቱ ሳምንት አልቆ ሦስት ቀን ጨመርኩበት፤ ለጥንቃቄ። ከዚያ ግቢዬ ጠራሁት፣ መብሩካም ተከትላው መጣች።

«በቀኝህ ብቻ ዝለል።»

ዘለለ።

«ደግመህ።»

ዘለለ።

«ያምሃል?»

«አያመኝም።»

«አታታልለኝ!»

«ወላሂ አያመኝም!»

«እንግዲያው ነገ እስከ የካ ሚካኤል ደርሰህ ትመለሳለህ። አንድ እርምጃ አታልፍም።»

መብሩካ ወደ ቤቷ ሄደችና የሸራ ጫማውን አምጥታ እግሩ ሥር አስቀመጠችው። ለማንም አልሰጠችውም ነበር።

በማግሥቱ ሲነጋ ሄደ። ከሲግናል እስከ የካ ሚካኤል ለሱ ምንም አይደለም፤ ግማሽ ሰዓት ይበዛበታል። ግማሽ ሰዓት አለፈ። ሰዓት አለፈ። ፀሐይ ወጣች። መብሩካ በሬ ላይ መጥታ ቆመች፤ እኔ ከሷ በፊት ቆሜአለሁ።

«ወድቋል» አለች።

«አፍሽን ዝጊ።»

ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል በትሬን አንስቼ ሽቅብ ጀመርኩ። ሃምሳ እርምጃ ሳልሄድ ሰቦቃ ብቻውን፣ ካፖርቱን ደርቦ ሲወርድ አየሁት። መጀመሪያ ዓይኔ የሄደው ወደ ጀርባው ነው፤ ምንም አላዘለም።

«ሰቦቃ! ሳልህስ?»

«ያ ፈረስ?» አለኝ። «ጎህ ሲቀድ ወደ ራጉኤል አቅጣጫ ሲያልፍ አይቼዋለሁ። ብጠራው አልሰማኝም። ደግሞ ይዘፍናል!»

ራጉኤል! እዚያው መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ልስቅ ነው ላለቅስ ነው ሳላውቅ፣ ለሳልህ የማዘጋጀውን ስድብ አንድ በአንድ ደረደርኩ። ብዙም አልቆየ፤ ከላይ ከዛፎቹ መሐል ብቅ አለ። ጭቃ ለብሷል፣ ይጨሳል፣ ፊቱ በርቷል።

«የካ ሚካኤል ብቻ አላልኩህም?»

«እማማ፣ እዚያ ደርሼ እግሬን ጠየቅኩት። ሂድ አለኝ!»

«እግር አይጠየቅም! የምጠየቀው እኔ ነኝ! አንተ ደረቅ፣ አንተ በቅሎ! ይቺ ነፍሰ ጡር እዚያ ቆማ ልትወልድ ነው! ቁጭ በል፤ እግርህን አምጣ!»

ድንጋዩ ላይ ቁጭ አለና ዘረጋልኝ። መብሩካም ደርሳ አጠገቤ ቆመች፤ ትንፋሿ ይሰማኛል። ጫማውን አወለቅኩ፣ ጭቃውን በቀሚሴ ጫፍ ጠረግኩ። አራት ጣቴን ከቁርጭምጭሚቱ በላይ አሳረፍኩ። ጫንኩት። ፊቱን አየሁ።

«እህ?»

«ይኮረኩረኛል» አለና ሳቀ። መብሩካም ሳቀች፤ ሰቦቃም ሳቀ።

እኔ አልሳቅኩም፤ ሥራ ላይ ነበርኩ። ወረድ ብዬ ጫንኩት፣ ወጣ ብዬ ጫንኩት፣ አጥንቱን ተከትዬ እስከ ጉልበቱ ሄድኩ። ምንም የለም። ጭቃና ብርድ ብቻ።